የወንድሜ ነው ያልኩት ራጅ

ሰው አላምንም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እንጀራዬ ያስተማረኝ ነው። በቢቸና ከብት ተራ ያደገ ነጋዴ ሻጭ የማለለትን ሁሉ ካመነ ቤቱን ዘግቶ ይሰደዳል። ለገበያ የወጣ በሬ ምን ምን እንደሚደረግበት አውቃለሁ። ሆዱ ሞላ እንዲል ጠዋት ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡታል፤ ማነከሱ እንዳይታወቅ ዳገት ላይ ያቆሙታል፤ እርጅናው እንዳይታይ ቀንዱን ፍቀው ቅቤ ይቀቡታል። ስለዚህ ሻጩ በታቦት ሲምል እኔ ጆሮ አልሰጥም፤ እጄን ነው የምሰደው። ጥርሱን ገልጬ አያለሁ፤ ሻኛውን ጨበጥ፣ ጎድኑን ዳበስ፣ ጭኑን ገፋ አደርጋለሁ። አፍ ይዋሻል፣ ሥጋ ግን እጅን አይዋሽም እል ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ይመስለኛል።

እብጠቱንም ያገኘው ይኸው እጄ ነው። ሞባይል ስልክ ከገበሬ ኪስ ውስጥ መጮህ በጀመረበት፣ ባጃጅ ግን ለቢቸና ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ቀን ከገበያ መልስ ገላዬን ስታጠብ የቀኝ ቆለጤ ከግራው ከብዶና ጠጥሮ አገኘሁት። አያምም። ቢያመኝ ደስ ባለኝ ነበር። በሬም ሲዳብሱት የሚፈራገጠው አያሰጋኝም፤ ነክተኸው ዝም የሚልህ ነው የሚያጠራጥረው። ከዚያ በፊት አንድ ወይፈን ጭኔን ረግጦኝ ስለነበር እሱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እያደር ሲያድግ ደግሞ ጎረቤቴን ጠረጠርኩ። ከዚህ ጎረቤት ጋር በድንበር ተካሰን ፍርድ ቤት እንመላለስ ነበርና አንድ ነገር አስደርጎብኝ ይሆናል አልኩ። ክረምቱን በሙሉ ለማንም ሳልናገር ከረምኩ።

ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። በእኛ አገር ቆለጥ የሌለው ወንድ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ስልብ ይሉታል። ኮርማ ሲቀጠቀጥ ሰንጋ ሆኖ ይከበራል፣ ገዢ ይሻማበታል። ሰው ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ሚስቴ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ የሚስቁባት ይመስለኝ ጀመር። እኔ ደግሞ ሲሳቅብኝ የምችል ሰው አይደለሁም።

ሚስቴ አካሄዴን አይታ ኖሯል። ለእኔ ምንም ሳትል ለታላቅ ወንድሜ ነገረችው። ወንድም ያለኝ እሱ ብቻ ነው፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝም እሱ ነው። ከቢቸና ወጣ ብሎ ያርሳል፤ ለሽምግልና የሚፈለግ፣ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው፤ ቆጣቢነቱም ያንኑ ያህል ነው፣ ለራሱ እንኳ ሻይ ገዝቶ አይጠጣም። አንድ ማለዳ መጣና ከደጅ ቆሞ፣ «አንት ልጅ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ተነስ፣ እንሄዳለን» አለኝ። ይህን ተረት የነገረኝ ሰው ነው እንግዲህ በኋላ በሽታዬን ከእኔው የደበቀው።

ወደ ዞኑ ከተማ ሆስፒታል ሄድን። አልትራሳውንድ የሚባለውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አንድ ወጣት ባለሙያ ከጠባብ አልጋ ላይ አስተኛኝና የቀዘቀዘ ቅባት አፈሰሰብኝ፤ ከዚያ የሳሙና ቁራጭ የምታህል ዕቃ ያዘና ያሽ ጀመር። አጠገቡ ያለው ቴሌቪዥን አንቴናው እንደ ወደቀ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ይርመሰመስበታል። ልጁ ጨዋታ ያውቃል፤ ስለ ቢቸና በሬ፣ ስለ ፋሲካ ገበያ እየጠየቀ በመጀመሪያ ደህናውን ጎን አየ። ወደ ቀኙ ሲሻገር ወሬውን አቆመ። እኔ ምስሉን አልነበረም የማየው። ገበያ ላይ በሬውን ሲያዩ የሻጩን ፊት መርሳት የለም፤ የእሱን ፊት ነበር የማየው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቆመ። ከዚያ ቅባቱን እንድጠርግ ሶፍት ሰጠኝና፣ «አብሮህ የመጣ ሰው አለ?» አለኝ።

«ወንድሜ አለ።»

«እስቲ እሱን ጥራልኝ።»

ልብሴን እየታጠቅሁ ወጣሁ፣ ወንድሜ ገባ። የታመምኩት እኔ፣ የተጠራው እሱ። ሲወጣ ጋቢውን ሁለት ጊዜ አጣፋና፣ «አንዱ ተበላሽቷል ነው የሚሉ። ወጥቶ ቢጣል ነው የሚሻል» አለኝ። ፊቱን ለማየት ብፈልግ ወደ መስኮቱ አዞረብኝ።

አወጡት። ያወጡትም ከራሱ ከቦታው ሳይሆን ከብሽሽቴ ላይ በስተው ነው። ይህንንም ጠረጠርኩ። ኮርማ ሲቀጠቀጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፣ ብሽሽት ምን አገባው? ወንድሜን ብጠይቀው «ሐኪም ያውቃል» አለኝ። ቁስሉ ሳይጠግግ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደህ ሌላ ራጅ ትነሣለህ ተባልኩ። «ለማረጋገጥ ነው» አሉኝ። ምን እንደሚያረጋግጡ የነገረኝ የለም።

የዓባይን ቁልቁለት ወርደን ዳገቱን ወጣን። አዲስ አበባ ያስገቡኝ መኪና የወፍጮ ድንጋይ የመሰለ ትልቅ ክብ ነው፤ መኻሉ ክፍት ነው። ሲቲ ስካን ይሉታል። ክንዴ ላይ አንድ ነገር ሲወጉኝ ሰውነቴ ሁሉ ሞቀና በሱሪዬ የሸናሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ከዚያ ያስተኙኝ ሁሉ ጥለውኝ ወጡ፤ ከመስተዋት ጀርባ ተሰበሰቡ። ደህና ነገር ቢሆን ለምን ሸሹ? ብቻዬን እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ስገባና ስወጣ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ፣ «ትንፋሽ ያዝ... ተንፍስ» ይለኛል። እኔም እታዘዛለሁ። ሚስቴ ብታየኝ አታምንም ነበር፤ እኔ የማላየው ሰው አዞኝ እሺ ስል።

ውጤቱ በወጣ ቀን አሁንም የተጠራው ወንድሜ ነው። ደጅ ላይ ካለ አግዳሚ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሲወጣ ሚሪንዳ ይዞልኝ ወጣ፣ እየሳቀ።

«ጥርት ያለ ነው!» አለ። «ሁሉም ወጥቷል። እግዜር የተመሰገነ ይሁን።»

ጠርሙሱን ተቀበልኩት። ያ ለራሱ ሻይ የማይገዛ ሰው ለስላሳ ገዛልኝ። የዚያን ሰዓት ነው ነገሩ የገባኝ። ጠጣሁለት፣ አመሰገንኩት፣ አንዲት ቃል ግን አላመንኩትም።

የእኛን አገር ሰው የማያውቅ ሰው ምኑን ይጠረጥራል ይለኝ ይሆናል። እኔ ግን መርዶ ነጋሪ ሆኜ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ አባቱ የሞተበትን ሰው ከገበያ ይዤ እንድመጣ ተልኬ፣ «አባትህ ትንሽ አሟቸዋል» ብዬ በሬውን አሽጬ፣ ምሳ ጋብዤ አምጥቼዋለሁ። የጋበዝኩት ሳያለቅስ እንዲበላ ነው። መንገድ ላይ ሲያመሰግነኝ እንኳ ፊቴ አልተለወጠም። ማለዳ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪነግረው ድረስ እንዲያ ነው የሚደረገው፤ ክፉ ወሬ ለባለቤቱ መጨረሻ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ምልክቱን ሁሉ አውቀዋለሁ። ያለ ወትሮው ሰው ሲያበላህ፣ ስትገባ ወሬ ሲቋረጥ፣ ሳትጠይቅ አይዞህ ሲሉህ፣ ያኔ ጠርጥር።

ቢቸና ስንመለስ ምልክቱ ሁሉ ቤቴ ጠበቀኝ። ዓመት በዓል ሳይሆን ዶሮ ታርዷል። ሚስቴ ልትቆጣኝ የሚገባትን ነገር ሁሉ ታልፈኛለች፤ ጫማዬን ጭቃ እንደያዘ መደብ ላይ ሳወጣ ዝም ብላ አየችኝ። ወንድሜ የራሱን እርሻ ትቶ ከእኔ ዘንድ ያድራል። የነፍስ አባቴ ጾም ሳይገባ «እንዲያው ልይህ ብዬ ነው» እያሉ መጡ። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ያ በድንበር የተካሰስኩት ጎረቤቴ ነው። አንድ ቀን ቆቡን አውልቆ ገባና፣ «ይኼን ክስ እንተወው እስቲ። መሬቱ የትም አይሄድ» አለኝ።

ያ ሰው ለአንዲት ጥማድ መሬት ጠበቃ ያቆመ ሰው ነው። እኔ የምሞት ባይሆን ኖሮ ደጄን አይረግጥም ነበር። «እሺ» አልኩና ታረቅን። ሲወጣ ግን ፈራሁ። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ጥቂት ሰነበተና ወንድሜ፣ ደግሞ አዲስ አበባ ሄደን ሆስፒታል ተኝተህ የምትወስደው መድኃኒት አለ አለኝ።

«የምን መድኃኒት?»

«የጉልበት ነው። ማጠንከሪያ። ጉሉኮስ ነገር።»

«ለዚህ አዲስ አበባ? ቢቸና ጉሉኮስ ጠፋ?»

«የዚያው ይሻላል ነው የሚሉ።»

«ጋሼ፣ ከዳንኩ መድኃኒቱ ለምኔ? ካልዳንኩስ ጥርት ያለ ነው ለምን አልከኝ?»

«አንት ልጅ፣ እንደ ከብት ገበያ ከእኔ ጋር አትከራከር!» ብሎ ጮኸና ወጣ። ሚስቴ ተከትላው ወጣች። ከግርግዳው ወዲያ ሹክሹክታቸውን ሰማሁ፣ ቃሉን ግን መለየት አልቻልኩም።

አልሄድም አልኩ። እነሱ ሲለምኑ እኔ ስገግም ሰነበትን። ሊገድሉኝ ነው ብዬ አልነበረም፤ ይህን ያህል አልከፋሁም። ግን ምን እንዳለብኝ ሳላውቅ ሰውነቴን ለመርፌ አልሰጥም። የማያውቁትን በሬ መግዛት ሞኝነት ከሆነ፣ የማያውቁትን መድኃኒት መጠጣትስ? ቆርጬ ወደ ጸበል ልሄድ ነበር። እውነቱን የሚነግረኝ አንድ ሰው ባገኝ ብቻ ነው አሳቤን የምለውጠው፤ እሱ ሰው ደግሞ ቢቸና ውስጥ የለም።

ራጁ ከቁም ሳጥኑ ላይ ነበር፣ በትልቅ ፖስታ። ማንም አልደበቀውም፤ ከእኛ ቤት ማን ያነበዋል? ወረቀቱ በፈረንጅ አፍ ነው፣ ፊልሙም ጥቁርና ነጭ ድብልቅልቅ ነው። ወደ ብርሃን ይዤ ስንት ጊዜ አየሁት። ራሴን እያየሁ ራሴን ማንበብ አቃተኝ።

ሞጣ አንድ የማውቀው ቆዳ ነጋዴ አለ፤ እስላም ነው፣ ከአያቱ ጀምሮ እዚያው የኖረ፣ ለንግድ ቃሉ የሚታመን። አንድ ጊዜ በእናቱ ሕመም ጊዜ እዚያው ሞጣ ስላለች አንዲት የክሊኒክ ሐኪም በቁጣ አጫውቶኝ ነበር። «ፊት ለፊት ነው የምትናገር! ምንም አታለሳልስም! ‹እናትህ ብዙ አይቆዩም› ብላ እኮ ነው የነገረችኝ!» ነበር ያለኝ። ያን ጊዜ አብሬው አማኋት። አሁን ግን የምፈልጋት ሐኪም እሷ ናት አልኩ።

ይሁንና ለእሱ ስለ እናቱ ነው የነገረችው። ለእናቱ እኮ አልነገረችም። በሽተኛው ራሴ ነኝ ብዬ ብቀርብ እሷም «አብሮህ የመጣ ሰው አለ?» ብትለኝስ? በዚህ አገር እውነት የሚነገረው ለዘመድ ነው። ስለዚህ የራሴ ዘመድ ልሆን ቆረጥኩ።

ለሚስቴ በሬ ልገዛ ሞጣ ልሄድ ነው አልኳት። ከወትሮዋ ውጭ አልከለከለችኝም፤ ይህንንም ከምልክቱ ቆጠርኩት። በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ራጁን ከጋቢዬ ሥር ደረቴ ላይ አድርጌ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ብሽሽቴን እየያዝኩ ሞጣ ደረስኩ። ክሊኒኳ ጠባብ ናት። ወረፋዬ ደርሶ ስገባ ሐኪሟ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ጠይም፣ መነጽር ያደረገች ሴት ሆና አገኘኋት።

«ማን ነው የታመመው?»

«ወንድሜ።»

«እሱስ የታል?»

«ቢቸና ነው። መንገድ አይችልም።»

ተቀመጥ አለችኝ። ቁስሉ ስለሚስበኝ በአንድ ጎኔ ነበር የተቀመጥኩት። አየችኝና ከራሷ ወንበር ላይ ትራሱን አንስታ ሰጠችኝ። ይህንንም ጠረጠርኩ፤ ምኑን እንደምጠረጥር ግን አላወቅሁም።

ወረቀቱን አነበበች፣ ብዙ ቆየች። «እናንተን ምን ብለዋችሁ ነበር?» አለችኝ።

«ጥርት ያለ ነው ብለውናል።»

«ለማን ነው የተነገረው?»

«ለታላቅ ወንድማችን።»

«ሦስት ወንድማማች ናችኋ!»

«አዎን» አልኩ። እንዲህ ሆኖ እናቴ ያልወለደችውን ሦስተኛ ወንድም እዚያው ወለድኩ።

ፊልሙን መብራት ካለበት ነጭ ሰሌዳ ላይ ሰካችው። ሰውዬው እንደ ዳቦ ከላይ ወደ ታች ተቆራርሷል፤ እያንዳንዷ ስዕል አንድ ቁራጭ ናት። ብርሃኑ ሲያርፍበት የምለየው ነገር አገኘሁ፤ አከርካሪው፣ ኩላሊቶቹ፣ ጉበቱ። የታረደ በሬ ሆድ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ከዚያ ግን ከአከርካሪው አጠገብ ሁለት ሙልሙል ነገሮች አሳየችኝ። እነዚያን በየትም በሬ ውስጥ አይቻቸው አላውቅም።

«ንፍፊት ታውቃለህ?» አለችኝ። «እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚወጣውን?»

«አውቃለሁ።»

«ይኼ በሆድ ውስጥ ያለ ንፍፊት ነው። በሽታው ከቆለጥ ሲነሣ የሚሄድበት መንገድ ይኼው ነው፤ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ ጀርባ። ስለዚህ ነው ከብሽሽት በኩል አድርገው ፍሬውን ያወጡት። እሱ ወጥቷል፤ እነዚህ ግን ቀድመው ሄደዋል። ሳንባውን እይ፣ ሳንባው ንጹሕ ነው። ይኼ ትልቅ ነገር ነው።»

እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። ክረምቱን በሙሉ የዳበስኩት ደጁን ነበር፣ ሌባው ውስጥ ገብቶ ተኝቷል።

«ይሞታል?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «ዝም ካለ ይሞታል» አለች። «አዲስ አበባ ሄዶ የሚሰጡትን ከወሰደ ግን ይኼ መድኃኒት ከሚሰሙት ካንሰሮች ነው። ከቦታው ከሄደ በኋላ እንኳ ብዙዎቹ ይድናሉ። መድኃኒቱ ቀላል አይደለም፤ ያስታውካል፣ ጠጉር ያረግፋል። ሲጨርስ እንዲሁ ራጅ ይነሣል፣ ከዚህኛው ጋር ይተያያል። ከዚያም በኋላ እየቆየ ይነሣል፤ ዳንኩ ብሎ እንዳያቋርጥ። ለወንድምህ ይኼን ሁሉ ንገረው።»

«በእኛ አገር ለታማሚ አይነገርም።»

«አውቃለሁ። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። አንተ ግን ንገረው።»

ወጣሁ። መንገዱን እንኳ በደንብ አላየሁትም። ያን ጊዜ ነው ቆዳ ነጋዴው ከፊቴ የተደቀነው። ሰላምታው አልቆ ዓይኑ ከፖስታው ላይ አረፈ።

«ምነው? ማን ታመመ?»

«ወንድሜ» አልኩ። አፌ ለምዶታል።

«የቢቸናው? ያ ሽማግሌው? ምኑን አመመው?»

ሌላ ወንድም እንደሌለኝ እሱ ያውቃል። መመለሻ አልነበረኝም። «ከወገቡ በታች... አንዱን አውጥተውለታል» አልኩት። ፊቱ ተለወጠ፤ በሐዘን ራሱን ነቀነቀና፣ «አላህ ያሽረው። ለማንም አልናገርም» አለኝ። ነጋዴ ለማንም አልናገርም ካለ ነገሩ ያለቀ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ምንም አልተናገርኩም። እነሱ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ፤ እኔ ማወቄን ግን አያውቁም። ሚስቴን ቁጭ ብዬ አየኋት። ይህን ሁሉ ጊዜ እየሳቀች ወጥ ስታቀርብልኝ ውስጧ ምን እንደነበር አሰብኩ። ልነግራት ፈለግሁ። እንዴት ተብሎ ይጀመራል?

አጀማመሩን ወንድሜ አቀለለልኝ። በገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን በርግዶ ገባ። ዱላውን ወለሉ ላይ መታው።

«አንት ልጅ! ምን ብበድልህ ነው ገበያ መኻል የሰለብከኝ?»

ሚስቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች። ወንድሜ የደረሰበትን ይዘረዝር ጀመር። ከጠዋት ጀምሮ ያየው ሰው ሁሉ «እግዜር ይማርዎ» ይለዋል። አንዱ ክንዱን ደግፎ ከድንጋይ ላይ አስቀምጦታል። ሌላው፣ ሽማግሌ የተባለ ሰው፣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «አይዞህ፣ በአንዱም ይወለዳል» ብሎታል። ወሬው ከሞጣ ከቆዳ ነጋዴዎች ጋር መጣ ነው የሚሉት፤ ሞጣ ሄዶ የነበረ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ።

ሳቄ መጣ። ልያዘው ብል አልያዝ አለኝ፤ ቁስሌን ይዤ እስካለቅስ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ ዝም ብሎ ማልቀስ ብቻ ሆነ። «ጋሼ፣» አልኩት፣ «ሁለቱን ንፍፊት አይቻቸዋለሁ። ከአከርካሪዬ አጠገብ ናቸው።»

ሚስቴ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ወንድሜ ዱላውን ጣለው። መደቡ ላይ ቁጭ አለና፣ «አባታችን ደህና ይሄድ ነበር» አለ። «በሽታውን በነገሩት ማግስት ነው የተኛ። ከዚያ አልተነሣም። አንተንም ብነግርህ ትተኛብኛለህ ብዬ ነው። አንተን ቀብሬ እንዴት ልኖር?» ያ ቆጣ ያለ ሰው አፉን በእጁ ይዞ እንደ ሴት ልጅ አለቀሰ። ይህን ምክንያት በጥርጣሬዬ ሁሉ ውስጥ አንድ ጊዜ አላሰብኩትም ነበር።

አዲስ አበባ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ አስማልኩት፤ ከእንግዲህ ራጅ ሲነበብ አብሬው እገባለሁ። መድኃኒቱ ሐኪሟ እንዳለችው ነበር። አስታወከኝ፣ ጠጉሬን እስከ ቅንድቤ አረገፈው፣ የበሬ ሽታ እንኳ አስጠላኝ። እየተመላለስኩ ጨረስኩት። ደግሞም እዚያ ወፍጮ ውስጥ ገባሁ፣ ያ ድምፅ «ትንፋሽ ያዝ» አለኝ። ውጤቱ ሲነበብ እኔና ወንድሜ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐኪሙ እያየን፣ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ የቀረችው ትንሽ ጠባሳ ናት፣ በየጊዜው እናያታለን አለ። ወንድሜ ወለሉን ሳመ።

እኔስ? እኔ ሐኪሙን አየሁት፣ ወንድሜን አየሁት። ከመግባታችን በፊት ወንድሜ ሽንት ቤት ብሎ ጠፍቶ ነበር። ቀድሞ ገብቶ ተማክሮ ቢሆንስ? ቢቸና ስንደርስ ደግሞ ዶሮ ታርዶ ጠበቀኝ። የደስታም ዶሮ የመርዶም ዶሮ ወጡ አንድ ነው። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩና ሁለቱንም ራጅ፣ አሮጌውንና አዲሱን፣ ታቅፌ እንደገና ሞጣ ወረድኩ።

ሐኪሟ አወቀችኝ። «የቢቸናው። ወንድምህ እንዴት ሆነ?»

«መድኃኒቱን ጨረሰ። ይኼን ያየው ሐኪም ደህና ነው አለ። እሱ ግን አላምንም አለ።»

ቆብ አድርጌ ነበር፣ እስከ ጆሮዬ። ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ሰካቻቸው። በግራ በኩል እነዚያ ሙልሙሎች ተኝተዋል። በቀኝ በኩል በቦታቸው እንደ ጤፍ ቅንጣት ያለች ነጭ ነገር ብቻ አለች። በጣቷ አንዱን ከዚያም ሌላውን ነካች፤ እኔም ሳላስበው ተነሥቼ በጣቴ ነካሁ። ፊቷን አየሁ፣ እንደ ልማዴ። አላዞረችም።

«ያን ጊዜ ነገርከው?» አለችኝ።

«ነገርኩት።»

«ምን አለ?»

«ፈራ። ብዙ ፈራ።»

«መፍራቱ ደህና ነው። አሁን ይኼንንም ንገረው። ራጁን ግን በየጊዜው እንዳይተው።»

አመስግኜ ፊልሞቹን ከተትኩ፣ ቆቤን አስተካከልኩ፣ ወደ በሩ ሄድኩ። እጄ መዝጊያው ላይ ሳለ ከኋላዬ በስሜ ጠራችኝ። በወንድሜ ስም አይደለም፤ በገዛ ስሜ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊልሙ ጥግ ላይ በፈረንጅ ፊደል ተጽፎ በነበረው፣ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ባልነገርኳት ስሜ።

ዞርኩ።

«እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አለችኝ።

ለእኔ ነበር ያለችው። ቆቤን አወለቅሁና እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አመንኳት።